ገመዴን የሳበው ሰው

ባለፈው በጋ ለከርሰ ምድር ውኃ ጥናት ዳባት አጠገብ ያለውን የእማማ ጥሩን የደረቀ ጉድጓድ ልለካ ሄድሁ። "ልጄ፣ ውኃዬ ወዴት እንደሸሸ ንገረኝ" አሉኝ።

ውኃ ሲነካ የሚጮኸውን የመለኪያ ገመድ ወደ ታች ለቀቅሁ። አልጮኸም፤ ይልቅስ አንዳች ነገር ገመዱን ሳበው። እኔም ሳብሁ፤ መልሶ ሳበኝ። ግራ ገባኝ።

"እማማ፣ ውስጥ ሰው አለ እንዴ?"

"በስመ አብ! ማን ይገባል?" ብለው አማተቡ።

"ማነው ገመድ የሚጥልብኝ?" አለ ከታች የወንድ ድምፅ።

ልሮጥ ምንም አልቀረኝ። እማማ ጥሩ ግን ጎንበስ ብለው ሲያዳምጡ ድምፁን ለዩት፤ በድንበር ተጣልተው ለዓመታት የተኳረፉት ጎረቤታቸው ነበሩ።

"አያ ደሴ! ከእኔ ጉድጓድ ውስጥ ምን ትሠራለህ?"



"ያንቺ ነው እንዴ? የእኔም ጉድጓድ ደርቆ ውኃ ፍለጋ ወደ ጎን ስቆፍር ነው እዚህ የወጣሁት።"