ከአስር ስድስት ያመጣው ጣውላ

ሰም በካውያ ሲቀልጥ የሚሸተውን ሽታ ታውቁታላችሁ? የበረዶ መንሸራተቻ ቦርዴን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ፣ ለልብስ የማይሆን አሮጌ ካውያ አሙቄ፣ እንዲንሸራተትልኝ ሰሙን ሆዱ ላይ እያንጠባጠብኩ ስደለድለው መጀመሪያ የሚመጣው የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሽታ ነው። ቀጥሎ የፕላስቲክ ነገር ይከተላል። ከዚያ ደግሞ፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ የእንጀራ አባቴ ይመጣል። በሕይወቱ በረዶ ላይ ቆሞ የማያውቅ፣ ስኖውቦርድን "ጣውላ" እያለ የሚጠራ ሰው ነበር። ጎረቤቴ ሽታው ደረጃው ድረስ ይወጣል ብላ ታማርራለች። መስኮት እከፍትና እቀጥላለሁ።

እማዬ እሱን ያገባችው እኔ አስራ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ነው። አባቴ ገና ጡት ሳልጥል ስለሞተ፣ ለንደን፣ ሃርልስደን ያለችው ቤታችን ውስጥ ወንድ ኖሮ አያውቅም ነበር። ከዶሮ መጥበሻ ሱቅ በላይ ያለች፣ ሁለት መኝታ ቤት ያላት፣ ግድግዳዋ ሳይቀር ዘይት ዘይት የምትል ቤት ነበረች። እሱ ኤድመንተን ካለ መጋዘን ዕቃ እየጫነ በቫን ያከፋፍል ነበር። ሁለት ሻንጣና አንድ ትልቅ ድስት ይዞ ገባ። ድስቱን ሳይ፣ ይሄ ሰውዬ ሊቆይ ነው የመጣው አልኩ በሆዴ።

ተጠራጣሪ ነኝ። ድሮም ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ፣ በዚህ አላፍርም። ሰው ማንም ሳይለምነው የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሲጠግን ካየሁ፣ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። እሱ ደግሞ ቧንቧውን ጠገነ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር አስተካከለ፣ እማዬ ከሥራ ስትመጣ እግሯን የምታስቀምጥበት መቀመጫ ገዛ። በጠገነ ቁጥር እኔ እጠብቀው ነበር።

እማዬን "አንቺ" ነበር የምላት። እሱን ግን ከመጀመሪያው ቀን "እርስዎ" አልኩት። እርስዎ ይቅደሙ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ ጨው ያቀብሉኝ እባክዎ። የእማዬ ጓደኞች፣ እዚህ አገር አድጋ እንዲህ የታረመች ልጅ አላየንም እያሉ ያደንቁኝ ነበር። እማዬም ኩራቷ ፊቷ ላይ ይታያል። የገባው እሱ ብቻ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ እንግዳው ማን እንደሆነ በየምግቡ ሰዓት እየነገርኩት እንደነበር ያውቃል። አንድ ጊዜ፣ ኧረ አንቺ ልጅ ሽማግሌ አደረግሽኝ እኮ አለኝ እየሳቀ። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩት። ሳቁን ዋጠው።

በረዶው እንዴት እንደመጣ ደግሞ ልንገራችሁ። ትምህርት ቤት እያለሁ ከለንደን ወጣ ብሎ ያለ፣ ከውጭ ሲያዩት መጋዘን፣ ውስጡ በረዶ የተነጠፈበት ቁልቁለት የሆነ ቦታ ወሰዱን። የዚያኑ ቀን ለከፈኝ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ካፌ እየሠራሁ ያገኘሁትን ሁሉ እዚያ አፈሰስኩት። ቀስ በቀስ ጀማሪ መባሉ ቀረ። ወደፊትም ወደኋላም መንዳት፣ ዘልዬ ዞሬ ማረፍ ቻልኩ። ቦርዱ ግን ሁልጊዜ የኪራይ ነው፤ ስንቱ የረገጠው፣ ጠርዙ የዶለዶመ። የራሴ ኖሮኝ አያውቅም።

አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ፈረንሳይ ተራራ ላይ ላለ ሆቴል አልጋ አንጣፊነት አፕላይ አድርጌ ተቀበሉኝ። ዊንተሩን ሙሉ ነው። ጠዋት አንሶላ፣ ከሰዓት በረዶ። እማዬ ስትሰማ ማንኪያዋን አስቀምጣ አለቀሰች። ወይ እግርሽን ወይ አንገትሽን ተሰብረሽ ነው የምትመጪው አለች። እሱ ከሳህኑ ቀና አለና ትሂድ እንጂ አለ። ቀጥሎም ጣውላውን የምገዛላት እኔ ነኝ አለ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያልጣመኝ። እማዬ እንዲህ እያለቀሰች እሱን ምን አስቸኮለው? ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ደግሞ ክፍሌ በር ላይ ቆሞ ግድግዳውን ሲያይ አግኝቼዋለሁ። ሰፋ ያለች ናት ብሎኝ ሄዷል። ነገሩን ገጣጠምኩት። እኔን በጣውላ ሸኝቶ ክፍሌንም እናቴንም ሊወስድ ነው። አንዴ ከወጣሁ ደግሞ መመለሻ ቤት የለኝም ማለት ነው። ግን ቦርዱን እፈልገዋለሁ፣ ምን ላድርግ? እርስዎ ለምን ይቸገራሉ አልኩና ቅዳሜ ዕለት ቫኑ ውስጥ ገባሁ።

ዝናብ ነበር። ቫኑ ካርቶን ካርቶን ይሸታል። መኪና የምናቆምበት ቦታ ስናገኝ ምልክቱን ደጋግሞ አነበበ፤ እኔንም አስነበበኝ፤ ከዚያም መንገደኛ ጠየቀ። ሱቁ ደረጃ ወርደው የሚገቡበት ነው። ስንገባ የአዲስ ጎማና የሙጫ ሽታ ተቀበለን። ብርሃኑ ዓይን ይወጋል፣ ሙዚቃው ደረት ውስጥ ይደልቃል። ቦርዶቹ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረው ቆመዋል። ሻጩ ጸጉሩን አናቱ ላይ የቋጠረ፣ ፈገግታ ከፊቱ የማይጠፋ ልጅ ነበር። ይሄ ልጅ ምን አግኝቶ ነው የሚስቀው አለኝ የእንጀራ አባቴ፣ በጆሮዬ።

ለሻጩ የምፈልገውን ነገርኩት። ተራራውን ሁሉ የሚያስነዳኝ፣ የተስተካከለውንም ያልተነካውንም በረዶ የሚችል፣ ዝላይም ላይ የማያሳፍረኝ አንድ ቦርድ ነው የምፈልገው። ልጁ አንዱን አውርዶ አጠገቤ አቆመው። አገጬና አፍንጫዬ መሀል ደረሰ። ቦርዱ ለቦት ጫማዬ የሚበቃ ስፋት እንዳለው ቼክ አደረገ፤ ጠባብ ከሆነ ጣቴ በረዶውን እየጫረ ይጥለኛል። ፊትና ኋላው አንድ ዓይነት ስለሆነ ወደኋላም እንደልብ ይነዳል አለን። የእንጀራ አባቴን ለማስረዳት እያንዳንዱን ወደ አማርኛ መለስኩ።

እሱ ቦርዱን ተቀበለና በጣቱ አንኳኳው። አሸተተው። ከዚያ ወለሉ ላይ አስተኝቶ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከሥሩ አየ። መሀሉ መሬት አይነካም፣ ጠማማ ነው፣ እርጥበት ላይ ከርሞ ነው አለ። እንዲህ ተደርጎ ነው የሚሠራው፣ ሲቆሙበት ይለጠጥና በረዶውን ይይዛል፣ ጫፎቹ ቀና ያሉት ደግሞ እንዳይሰካ ነው አልኩት። እንዲህ ብሎሽ ነው አለና በሐዘኔታ አየኝ። ልጁ ፈገግ አለ። ፈገግታው ነገሩን አባሰው።

ለማን የሚሆን ነው በይው አለኝ። መካከለኛ ለሆነና ከዚያም በላይ ላለ ነው አለ ልጁ። መካከለኛ የምትለዋን ቃል የሰማኋት ተርጉሜ ከአፌ ከወጣች በኋላ ነው። እሱ ባደገበት ቤት መካከለኛ የሚባለው ለማጽናናት ነው። ፊቱ ጠቆረ። ይህን ጊዜ ነው ቦርዱ ላይ የተንጠለጠለችውን ወረቀት ያያት። የመተጣጠፉ ነገር በቁጥር ተጽፏል፤ ከአስር ስድስት ይላል።

"ከአስር ስድስት?" አለ። "ከአስር ስድስት ያመጣውን ለእኛ ነው ያስቀመጠው? አስር ያመጣውን አምጣ በይው።"

ዘጠኝ ይዞ ሲገባ አንዷ የት ሄደች እየተባለ ያደገ ሰው ነው፤ ምን ታደርጉታላችሁ? ማርክ አይደለም አልኩት። የጥንካሬው ልክ ነው፣ አስሩ በጣም ጠንካራው ነው፣ እሱ አይሆነኝም አልኩት። ባሰ። ጠንካራ መሆን ነውር የሆነበት ዕቃ የት አገር ነው ያለው አለኝ። እኔ ደግሞ ልጁ ስቲፍ ላለው ቃል ሌላ አማርኛ አልነበረኝም። ልጁ ጭቅጭቃችን አሳዝኖት አስሩን አመጣ። የእንጀራ አባቴ በመዳፉ ተጫነው። ንቅንቅ አላለም። ፊቱ በራ፤ ይሄ ነው ዕቃ አለ።

ቆዩ፣ ካውያው እንዳይጨስ ልንቀለው።

ያ ቦርድ ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። በሙሉ ፍጥነት ቁልቁል ለሚወርድ፣ ጉልበቱም ችሎታውም ላለው ሰው ነው። እኔን ዝላይ ላይ በጀርባዬ ያነጥፈኛል። በሆዴ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ? ይሄ ሰውዬ እንድሄድ ብቻ አይደለም፣ እንዳልመለስም ነው የፈለገው አልኩ። አትሳቁ፣ ከልቤ ነው ያልኩት። እርስዎ የማያውቁትን ነገር ባይፈተፍቱ አልኩትና ሱቁ ውስጥ ትቼው ወጣሁ።

ቫኑ ቁልፍ ስለነበር በሩ ላይ ቆሜ ዝናብ መታኝ። መጣ፣ ከፈተልኝ፣ ገባን። ሞተሩን አላስነሳም። መስታወቱ በትንፋሻችን ደፈነ። ከዚያ በኋላ ራሴን መያዝ አልቻልኩም።

"ክፍሌን ፈልገው ነው አይደል?" አልኩት።

እንዴት ተደርጎ ይለኛል፣ ይምላል ይገዘታል ብዬ ለእያንዳንዱ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

"አዎ" አለኝ። "ክፍሏ ትቅርና፣ ብትሄጂ ደስ ይለኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ ቤቴ እንግዳ ነኝ። አንቺ ሳሎን ካለሽ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ አላውቅም። እስኪ አንድ ዊንተር የቤት ሰው ልሁን ብዬ ነው።"

ሰው አዎ ሲላችሁ መጠርጠሪያ ታጣላችሁ። ልቆጣም ፈለግኩ፣ ላልቅስም ፈለግኩ። እሱ መስታወቱን በእጅጌው ጠረገና ወደ ውጭ እያየ ቀጠለ።

"ጥሩውን ጣውላ ያልኩት ግን ለሌላ ነው። ደህና ሄደሽ ደህና እንድትመለሺልኝ ነው።"

እንድትመለሺልኝ ነው ያለው። እንድትመለሺ አይደለም። ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን አማርኛ የሚያውቅ ሰው ያውቃል። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ በአማርኛ ስዋጋው የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አላመለጠችኝም።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ እንደገና አስረዳሁት። ስድስቱ ለኔ የሚሻለው ስለሚታዘዝልኝ ነው። ስጫነው ይጎብጣል፣ ስለቀው ይመለሳል፣ ስሳሳት ትንሽ ይቅር ይለኛል። አስሩ እሺ አይልም፣ የፈለገው ይምጣ ብሎ ድርቅ ይላል። አሰብ አደረገና፣ ግትር ነው በይኛ ታዲያ አለኝ። አዎ፣ ግትር! አልኩት። ቃሏን ስፈልጋት ነው የዋልኩት። ግትር ከሆነማ ይቅር፣ ቤት አንዲት አለችን አለ። ሳቅኩ። እሱ ፊት ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር መሰለኝ፤ እሱም ደንግጦ አየኝ።

ተመልሰን ገባን። ስድስቱን ወለሉ ላይ አስተኛውና እስኪ ቁሚበት አለኝ። ቆምኩ። እንደገና ቁጢጥ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከሥር አየ። ክፍተቱ ጠፍቷል። ነካ፣ ነካ አለ፤ እሱ የሠራው ይመስል። ከዚያ ልጁ ቦቱንና ማሰሪያውን ሲያሸክመኝ እጄ ሞላ። ቦርዱ ከክንዴ ሊንሸራተት ሲል ዞር ብዬ፣ "ያዝልኝ" አልኩት።

ይያዙልኝ አላልኩም። አስቤም አልነበረም። እሱ ቦርዱን በሁለት እጁ ተቀብሎ እቅፍ አደረገውና ቆመ። ምን አልሽ ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላረምኩትም። እስከ ሃርልስደን ድረስ መንገዱን ሁሉ ቀስ ብሎ ነዳ፤ ከኋላችን የሚያንባርቁትን መኪናዎች የሰማቸውም አይመስል።

ዊንተሩን ሙሉ ተራራው ላይ ከረምኩ። ስደውል ብዙ ጊዜ የሚያነሳው እሱ ነው፤ አንተ ነህ እለዋለሁ፣ እኔ ነኝ ይለኛል። እማዬ ሥራ ላይ ስትሆን እኔና እሱ እናወራለን። ጣውላው እንዴት ሆነ ይለኛል። እሺ ይላል፣ ዛሬ ግን ጣለኝ እለዋለሁ። የወደቅሽውን ለእናትሽ አትንገሪ ይለኛል። ኤፕሪል ላይ ተመለስኩ፤ ክፍሌ እንደነበረች ነበረች። ከዚያ በኋላ ብዙ ዊንተር ሄጃለሁ፣ ሁልጊዜም የሸኘኝም የተቀበለኝም በዚያው ቫን እሱ ነው። የሚያንጠባጥብ ነገር ሲጠግን ማየቱንም ለመድኩት።

ባለፈው ዓመት ሞተ። ሕመሙ ብዙ አላቆየውም። ለቅሶው ላይ ሳሎኑ በሰው ሞልቶ፣ እማዬ ጥቁሯን ለብሳ መሀል ተቀምጣ ስለ እሱ ለመጡት ታወራ ነበር። "እሳቸው እኮ ጠዋት ሳይነቁ ቀድመው ተነስተው ሻይ ያፈሉልኝ ነበር" ትላለች። እንቅልፍ አጥታ ስለነበር ንግግሯ ተዛብቷል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን እሱ አይደለም። ከተጋቡ ጀምሮ አንተ ስትለው የኖረችውን ሰው ዛሬ እሳቸው አለችው። ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። እሳቸውማ፣ እሳቸውማ ይላሉ።

ከወጥ ቤት ተነስቼ ሄድኩ፤ በሰዎቹ ጉልበት መሀል አልፌ አጠገቧ ተንበረከክኩ።

"እማዬ፣ እሱ በይው" አልኳት በጆሮዋ።

"ሞቷል እኮ ልጄ" አለችኝ። "ክብር ነው።"

"አውቃለሁ። እንግዳ አታድርጊብኝ።"

ከዚያ እጄን ጉልበቷ ላይ ይዛ ወደ ሴቶቹ ዞረችና፣ "ሻይ ያፈላልኝ ነበር" አለች።