ከአውሮፓ የመጣው አንቀጽ

የቡራዩዋ ውብአየሁ ሕግ አርቃቂ ናት። የፀረ ሽብር ሕጉን ከአውሮፓ አሠራር ጋር እንድታጣጥም ታዘዘች። «ሽብርን ማበረታታት» የሚለው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ግን ጎረቤቷ ኦቦ ገርባ ትዝ አሏት። በቀድሞው ሕግ የታሰሩት ስብሰባ ላይ ስለ መሬታቸው በመናገራቸው ነበር። ቅዳሜ ሄዳ አንቀጹን፣ ከአውሮፓ የተወሰደ መሆኑን ነግራ፣ አነበበችላቸው።

«እዚያ አገር ዳኛው ፖሊሱን አይሆንም ይለዋል?» አሉ ሽማግሌው።

«ይለዋል።»

«እኛስ ጋ?»

ሰኞ አንቀጹ ከረቂቁ እንዲሰረዝ አጥብቃ ተከራከረች።

«አውሮፓም አለ እኮ!» አላት አለቃዋ።

«እዚያ ዳኛውም አለ» አለችው።

አንቀጹ አልተሰረዘም፤ ተቃውሞ ማሰማት ብቻውን ወንጀል አይደለም የሚል ሐረግ ግን ተጨመረበት። ኦቦ ገርባ ሲሰሙ «ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው» አሉ፤ ፊታቸው ላይ ግን ደስታ አላየችም። እሷም ብዙ አልተደሰተችም።