ከእናቴ የደበቅኩት ሰበብ

ዓመታት ያሠቃየኝ የወገብ ሕመም የተሻለኝ፣ እዚህ ጀርመን ሐኪሞች ከቆዳዬ ሥር በቀበሩልኝ ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ነርቬን እየነዘረ ሕመሙን ያደበዝዝልኛል። ሸዋ ሮቢት ላለችው እናቴ ግን፣ ሰውነቴ ውስጥ ብረት እንዳለ ብነግራት ትደነግጣለች ብዬ፣ «እማ፣ ዱዓሽ ደረሰልኝ» ብቻ አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ የዳንኩበትን ሰበብ ግን ደበቅኩ። እሷም ፍየል አርዳ ጎረቤቱን ለዱዓ ሰበሰበች።

ዘንድሮ የራሷ ወገብ ያዛት። እህቴ «ሐኪም ቤት እንሂድ» ብትላት፣ «ባሕር ተሻግሮ ልጄን ያዳነ ዱዓ እኔን ይስታል?» ብላ ሳቀችባት። ሦስት ወር ተኛች።

ትናንት ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። «አንቺ ሞኝ፣ አላህ በሐኪም እጅ ቢያሽርሽ ምን ያስደነግጠኛል? ያኔ ብትነግሪኝ ሐኪም ቤት በእግሬ እሄድ ነበር» አለችኝ።

ዛሬ ጎረቤቶች አቅፈው ባጃጅ ላይ አወጧት።