አሥራ አንድ መስመር

ዶንካ ቬልቾቫ እንግሊዝኛ ልማር ብላ ክፍሌ የገባችው በአርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማችን በቪዲን፣ ከአሮጌው ገበያ ጀርባ ባለች ትንሽ ማተሚያ ቤት፣ የሐዘን ወረቀት ስታዘጋጅ ኖራለች። በየበራችን፣ በየአውቶቡስ ማቆሚያውና በየዛፉ ግንድ ላይ የምንለጥፋቸው፣ የሟች ፎቶና ስም ያለባቸው ወረቀቶች አብዛኞቹ በእሷ እጅ ያለፉ ናቸው። ሰው ሲሞት አንድ፣ በአርባው አንድ፣ በመንፈቁ አንድ፣ በሙት ዓመቱ አንድ፣ ከዚያም ቤተሰቡ እስኪታክተው ድረስ በየዓመቱ። የከተማችን ሰው ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያነበው ግድግዳውን ነው።

የመጣችው ነርስ ለመሆን ነው። በዚህ ዕድሜሽ ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ «ቲቸር፣ እኔ ሰው የማገኘው ሁልጊዜ ከረፈደ በኋላ ነው» አለችኝ። «አንድ ጊዜ እንኳ ቀደም ብዬ ልድረስ ብዬ ነዋ።»

በነርሲንግ ኮሌጃችን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ፈተና ያላለፈ ተማሪ ሆስፒታል ለልምምድ አይሄድም። ሦስት ዕድል ይሰጣል። በሦስተኛው የወደቀ ይሰናበታል።

የመጀመሪያ ቀን የሰጠኋቸው ሥራ ቀላል ነበር፤ ስለ ጎረቤታችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ። መሪ ዐረፍተ ነገር፣ እሱን የሚደግፍ ዝርዝር፣ መዝጊያ። የዶንካን ወረቀት ሳነብ እንዲህ ይላል፦ ጎረቤቴ ታማኝ፣ ታታሪና ደግ ነው። የሚያውቁት ሁሉ ይወዱታል። በልባችን ለዘላለም ይኖራል።

«ዶንካ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት። «ጎረቤትሽ መቼ ነው የሞተው?»

«ኧረ አልሞተም! ዛሬ ጠዋት በአጥር በኩል ሰድቦኛል።»

«ታዲያ ስድቡን ለምን አልጻፍሽውም?»

ደነገጠች። «ስድብ ይጻፋል እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ የሚቀመጥ ፕላመን የሚባል ተማሪ ነበር፤ ዕድሜው ሃያ ቢሆን ነው፤ አፉ አያርፍም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በገባች ቁጥር፣ «እትዬ ዶንካ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ቀበሩ?» ይላታል። እሷም ቦርሳዋን እያስቀመጠች፣ «አንተ ብቻ ፎቶህን አምጣልኝ፣ ቦታ ይዤልሃለሁ» ትለዋለች።

በኅዳር ባለቤቴ ክሩም ሞተ። ሁለት ሳምንት ቀርቼ ስመለስ ተማሪዎቹ ሁሉ ተነሥተው ቆሙ። የሐዘን ወረቀቱን ያዘጋጀችው ዶንካ እንደነበረች የነገረኝ ልጄ ነው። እሷ አላነሣችውም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

በጥር ተፈተነች፤ ወደቀች። የሚፈለገው ሁለት ገጽ ነው፤ አምስት አንቀጽ። እሷ የሰጠችው ግማሽ ገጽ እንኳ የማይሞላ ነበር። ቃላት ያጠራት መስሎኝ የቃላት ዝርዝር አሸከምኳት፤ ሁሉንም በቃሏ ያዘች። በመጋቢት ደግማ ተፈተነች፤ ያው ግማሽ ገጽ፣ ያው ታታሪ፣ ያው ደግ። መጨረሻው ላይ ከልማድ የተነሣ «ሐዘንተኛ ቤተሰቦች» ብላ ፈርማለች። ርዕሱ ስለ አገር ጉብኝት ነበር።

«ጅል ነኝ መሰለኝ» አለችኝ ኮሪደር ላይ።

«ጅል አይደለሽም።»

«ታዲያ ምንድን ነኝ?»

ከሃያ ዘጠኝ ዓመት ማስተማር በኋላ አንዲት ሴት ለምን ከግማሽ ገጽ በላይ እንደማትጽፍ አላውቅም ነበር።

በግንቦት የክሩም መንፈቅ ደረሰ። ለሙታን መታሰቢያ የሚታደለውን ስንዴ ቀቅዬ በስኳር ለወስኩና ወረቀቱን ላሠራ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ዶንካ ብቻዋን ነበረች። ወንበር ሰጠችኝ፤ እርሳስና ማስመሪያዋን አወጣች።

«ምን እንበል፣ ቲቸር?»

«የተወደደ ባል፣ ደግ አባት፣ ታታሪ ሠራተኛ» አልኩ።

እርሳሷን አልነካችም። ቆይታ፣ «አይቆጡኝና፣ ይሄ የማን ነው?» አለች።

«የክሩም ነዋ።»

«ክፍል ውስጥ ይህን ጽፌ ባመጣ ምን ይሉኝ ነበር?»

ምን እንደምላት ሁለታችንም እናውቃለን።

«እሺ» አልኩ በመጨረሻ። «ክሩም ጡረታ ከወጣ ጀምሮ በየቀኑ ወደ ወደቡ ይወርዳል። ዳኑብ ስንት ሜትር እንደሞላ ከመለኪያው ላይ አንብቦ ይመጣል። ምሳ ስንቀርብ፣ ማንኪያ ከማንሣቱ በፊት፣ ‹ዛሬ አራት ሜትር ከአሥራ ሁለት› ይላል። ማንም ጠይቆት አያውቅም። እኔም ‹እሺ፣ ብላ፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል› እለዋለሁ።» ትንሽ አሰብኩ። «ከኅዳር ወዲህ ወንዙ ስንት እንደሆነ አላውቅም።»

ዶንካ ሁሉንም ጻፈችው። ከዚያ፣ ሳታስበው፣ ማስመሪያዋን ዐረፍተ ነገሮቹ ላይ አጋድማ በእርሳስ ሰረዘቻቸው። ሰርዛ ስትጨርስ እጇ ቀጥ አለ።

«ምነው?» አልኳት።

«አይገባም» አለች በቀስታ። «ላይ መስቀል፣ መካከል ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር አሥራ አንድ መስመር። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ያወጡት ሕግ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀን፣ ሁለት ሦስት ቃል፣ ሐዘንተኞች። ከዚያ በላይ አይገባም።»

«አሥራ አንድ?»

«አሥራ አንድ።»

ከቦርሳዬ ሁለቱን የፈተና ወረቀቶቿን አወጣሁ፤ ስሕተቷን ላሳያት ይዣቸው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ጎን ለጎን ቆጠርናቸው። የጥር ወሩ አሥራ አንድ መስመር። የመጋቢቱም አሥራ አንድ።

ዶንካ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «ይኸው፣ እጄ ነው» አለች። «ሰው እያለቀሰ ይመጣል፤ ስለ ሰውየው ያወራኛል፤ እኔ እሰርዛለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት።»

«የሰረዝሽው የት ይሄዳል?»

«የት ይሄዳል? እዚሁ ነው» ብላ ግንባሯን ነካች። ከዚያ መናገር ጀመረች፤ ቶሎ ቶሎ፣ ሰው እንዳይሰማባት እንደምትፈራ። ዕድሜውን ሙሉ ዳቦ ጋግሮ ዳቦ የማይቀምስ ጋጋሪ ነበር፤ ድንች ብቻ ይበላል። ጡረታ ከወጣ በኋላም በየሰው በር ሲያልፍ ለፖስታ ሣጥኖቹ ባርኔጣውን የሚያነሣ ፖስተኛ ነበር። በሰፋችው ካፖርት ሁሉ ገበሩ ውስጥ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ አንዲት ቀይ ክር የምታስቀር ልብስ ሰፊ ነበረች። ለምን እንደሆነ ልጆቿም አያውቁም።

«ይሄን ጻፊ» አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። «የሰው ሐዘን ሰርቄ ፈተና ልለፍ?»

«ስም አትጥሪ። ስለ ራስሽ ሥራ ጻፊ። እነሱ ነገሩሽ፤ የሰረዝሽው ግን አንቺ ነሽ። ያ የአንቺ ነው።»

«ላስብበት» አለች።

የክሩምን ወረቀት በአሥራ አንድ መስመር አወጣችው። የተወደደ ባል፣ ደግ አባት። እኔም ወስጄ ለጠፍኩት።

በሦስተኛው እሑድ በሬን አንኳኳች፤ ደብተር ይዛለች። ቼሪ የደረሰበት ወቅት ስለነበር ጠረጴዛው ላይ ባልዲ አስቀምጠን የቀዩን ፍሬ ዘር እያወጣን ሠራን። አዲስ ነገር አላስተማርኳትም። አንድ አንቀጽ፣ አንድ ሰው፤ መሪው ዐረፍተ ነገር ግድግዳ ላይ የወጣው ነው፣ ደጋፊው የተሰረዘው ነው አልኳት። «ታታሪ ነበር ብለሽ ከጻፍሽ አንባቢው ‹በምን አወቅሽ?› ይልሻል። ያኔ ድንቹን አውጪ።» ሳቀች። እንግሊዝኛዋ ክፉኛ ያነክስ ነበር፤ ግን ወደፊት ይሄዳል። አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ስትደርስ እጇ ይቆማል። በቼሪ የቀላ ጣቴን ወረቀቱ ላይ አድርጌ «ቀጥዪ» እላታለሁ፤ ትቀጥላለች።

በሰኔ ተፈተነች። ከቀረቡት ርዕሶች አንዱ ሰው ስለሚሠራው ሥራ ነበር። ተማሪዬ ስለሆነች እኔ አራሚ አይደለሁም፤ ኮሪደሩ ጫፍ ካለው መስኮት አጠገብ ቆሜ ጠበቅኩ። ፕላመን ቀድሞ ወጣ፤ ነገር ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። ውኃ ገዝቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«እስካሁን አልወጡም?» አለኝ። «ኧረ ዛሬ ከተማውን በሙሉ ሊቀብሩት ነው!»

«ዝም በል አንተ።»

«ዝም ብያለሁ፣ ቲቸር» አለና ጠርሙሱን በሁለት እጁ ይዞ ጠበቃት። የወጣችው የመጨረሻ ሆና ነው።

ወረቀቱን ያረመችው ስኔዣና ናት፤ ከእኔ ጋር ሃያ ዓመት የሠራች፣ ለማንም ነጥብ የማትለቅ። በሦስተኛው ቀን መምህራን ክፍል ውስጥ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ሰዋስዋ ያሳፍራል» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«አራት ገጽ ነው የጻፈችው። ሁለቱ ላይ ብታቆም ስሕተቷም በግማሽ ይቀንስ ነበር። ከስድስት ሦስት ሰጠኋት። ማለፊያ ናት፤ ከዚያ በላይ አልችልም።»

«ይበቃል።»

ለመነሣት ከጅላ መልሳ ተቀመጠች። «ያቺ ልብስ ሰፊ ማን ናት?»

«አላውቅም። ስም አልነገረችኝም።»

ስኔዣና እጆቿን አየች። «ዛሬ ጠዋት የእናቴን ካፖርት ገበር ፈታሁት» አለች። ተነሥታ ወጣች።

ዶንካ በመስከረም መጨረሻ ሆስፒታል ገባች። ማተሚያ ቤቱንም ጨርሳ አልተወችውም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሠራለች። በኅዳር የክሩም ሙት ዓመት ሲደርስ ወረቀቱን ራሷ ይዛልኝ መጣች፤ ከነነጭ ጋዋኗ ነበረች። ፎቶው በሁለት ጣት ያህል አንሷል። ከሥሩ መስመሮቹን ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት። የመጨረሻው በትንንሽ ፊደል እንዲህ ይላል፦ በየቀኑ ምሳ ላይ የወንዙን ከፍታ ይነግረን ነበር።

«የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ምን አሉ?» አልኳት።

«ተቆጡ። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ሰው መጥቶ ‹ለእኔም እንደዚያ› አላቸው። ዝም አሉ።»

ሻይ ላፈላላት ስነሣ እንደምትቸኩል ነገረችኝ። ስድስተኛው አልጋ ላይ ያለ አንድ ሽማግሌ ይጠብቃታል። ከጋዋኗ ኪስ ትንሽ ደብተር ብቅ ብሏል፤ ስለ ሽማግሌው ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ አለችኝ።

«ሞተ እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ ቲቸር፣ ምን ነካዎት!» አለች በሩን እየከፈተች። «ዛሬ ጠዋት ሰድቦኛል። ስድቡንም ጽፌዋለሁ።»