ንጹህ ቅጂ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት በሬን አንኳኩታ ገባችና የተጠቀለለ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች። የጋሽ ተክሌ፣ የእሪ በከንቱ ሰፈሩ አናጢ ልጅ ነኝ አለች። ቤታቸው ሊፈርስ ነው፤ ባለቤትነታችሁን የሚያሳይ ማስረጃ አምጡ ተብለው መዝገብ ቤት ብትፈልግ ያገኘችው ይህን የቤት ፕላን ብቻ ነው። ከግርጌው የገለበጠው ሰው ስም ተጽፏል፤ የእኔ ነው።

«እጅዎ እንዴት ያምራል» አለችኝ። ምነው ባላለችኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ፒያሳ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ ያረጁ ፕላኖችን በስስ ወረቀት ላይ በቀለም እገለብጥ ነበር። ክረምት ነው፤ ግድግዳው ያልበዋል፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል የሚወርደው ጎርፍ ያበሰበሰው ጫማዬ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ሥራዬን ግን እወድ ነበር፣ አልዋሽም። እጄ እንደማይንቀጠቀጥ ሁሉም ያውቃል፤ ኩራቴም እሱ ነበር።

ጋሽ ተክሌ የመጡት በዚያ ክረምት ነው። አባታቸው ግንበኛ ነበሩ። ለአንድ ነጋዴ ትልቅ ቤት ሠርተው ሲጨርሱ ነጋዴው የጓሮውን ሁለት ክፍል ሰጣቸው፤ ይህም ፕላኑ ላይ ሰፍሯል ይባላል። ማንበብ ስለማልችል አንተ አንብብልኝና በጆሮዬ ልስማው አሉኝ። ፈልጌ አገኘሁት። ጥጉ ላይ በእርሳስ «የጓሮው ሁለት ክፍል ለግንበኛው ለወልደ ሚካኤል ስለ ድካሙ የተሰጠ ነው» ይላል፤ ከሥሩ የነጋዴው ፊርማና የግንበኛው የጣት አሻራ አለ። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ የራሳቸውን አውራ ጣት በአባታቸው አሻራ ላይ አሳረፉ። በማግስቱ ትኩስ ቦምቦሊኖ በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡልኝ፤ ስኳሩን ከጣቴ እየላስኩ በላሁ።

ከወር በኋላ ያው ፕላን ተራው ደርሶ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ደንቡ ግልጽ ነው፦ በቀለም የተሠራው መስመር ብቻ ይገለበጣል፣ እርሳስና የጣት አሻራ እንደ እድፍ ይቆጠራሉ፣ አሮጌው ይቃጠላል። ጥጉን ለአለቃዬ አሳየሁት። ንጹህ ቅጂ ነው የምፈልገው፣ አንተ ካልሆነልህ ሌላ ልጅ አላጣም አለኝ። ንጹህ አድርጌ ገለበጥኩ። አሮጌውን ደብቄ ማስቀረት እችል ነበር። ግን እድገት ሊሰጠኝ እንደሆነ ይወራ ነበርና ፈራሁ። ሌላ ሰበብ የለኝም።

ብዙም ሳይቆይ ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ የጓሮው ክፍልም ከነጋዴው ቤት ጋር አብሮ ሄደ። ጋሽ ተክሌ እያለከለኩ መጡ። ቅጂውን ስዘረጋላቸው ጣታቸው ጥጉን አልሳተም፤ ባዶው ላይ አረፈ።

«እንደዚያን ቀን አንብብልኝ፣ ልጄ።»

«ምንም የለም፣ ጋሼ።»

«አንተ አይደለህ ያነበብክልኝ?»

ዞር ስል አለቃዬ እያየኝ ነበር። «ሌላ ሰው ይሆናል» አልኳቸው።

አባታቸው በገነቡት ቤት የቀበሌ ተከራይ ሆነው ኖሩ። ፒያሳ ላይ ከሩቅ ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር። እድገቱንም አገኘሁ።

ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። ነበርኩም፣ ቀበርኩም፤ ስለዚህ ለልጃቸው ሁሉንም ነገርኳት። ልመስክርላችሁ አልኩ። የቃል ምስክር አይቀበሉም አለችኝ፣ ሳትቆጣ።

«አባዬ አንድ ልጅ አንብቦልኛል ይል ነበር» አለች። «እማዬ፣ አልመህ ነው ትለዋለች። ሊሞት ሲል እሱም፣ እውነትሽን ነው፣ አልሜ ይሆናል አላት።»

ወረቀቱን ትታልኝ ሄደች። እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ትናንት መነጽሬን አድርጌ ከዳር እስከ ዳር መረመርኩት፤ አንድም የተንሻፈፈ መስመር የለበትም።