እሺ እስክል ቆመው የጠበቁኝ ሽማግሌዎች

ሆሳዕና ጤና ቁጥጥር ክፍል ሥራ የጀመርኩት በጥቁር ሱፍና በተረከዛም ጫማ ነው። ሕግ የተማረ ሰው እንደዚያ መልበስ ያለበት ይመስለኝ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ዘለቀ ፋርማሲስት ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «የሕግ ሰው ላኩልን ብንል ሚዜ ላኩልን» ብለው ሳቁ። ወዲያው ጋዋን አልብሰው ገበያ ዳር ወዳለ መድኃኒት ቤት ወሰዱኝ። ጊዜው ያለፈበት ሽሮፕ ከመደርደሪያ እየለቀምኩ ካርቶን ውስጥ ስከት ዋልኩ። ያን ቀን አንድም አንቀጽ አልጠቀስኩም።

የሕግ ባለሙያ እዚያ ምን ይሠራል ብላችሁ የምትጠይቁኝ ወጣቶች አላችሁ። ተቆጣጣሪዎቹ ያዩትን ይነግሩኛል፣ እኔ ሕጉ ምን እንደሚል እመለከታለሁ። ቅሬታ ሲመጣ መርምሬ ለሙያ ሥነ ምግባር ኮሚቴው የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ማስጠንቀቂያ፣ እገዳ ወይም የፈቃድ ስረዛ። ሾኔ ድረስ እየሄድኩ ክሊኒክ አሽጌያለሁ። በሩ የታሸገበት ሰው ሲያለቅስ ማየት ትለምጂዋለሽ ያሉኝ ሁሉ ዋሽተውኛል።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ከሁሉም ልቤ ውስጥ የቀረው ሞርሲቶ ከተማ የገጠመኝ ጉዳይ ነው።

ሲስተር አስቴር እዚያ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነበረች። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያዋለደች፣ ጠርተዋት የማትቀር ሴት ናት። አንድ ቀን ማርታ የምትባል ትንሽ ልጅን መቀመጫዋ ላይ መርፌ ወጋቻት። መርፌው ያለቦታው ገብቶ ነርቭ ነካ፣ የልጅቷ እግር ዛለ። እናትየው ታደለች አዝላት መጥታ እኔ ፊት አመለከተች።

ምርመራውን ሳልጨርስ የአስቴር ዘመዶች ሽማግሌ ይዘው ታደለች ደጅ ቆሙ። ታደለች ይቅር አለች። በአገሩ ደንብ ነገሩ አለቀ፣ ደቀቀ። ያላለቀው እኔ ጋ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ታደለችን ይዘው ቢሮዬ መጡ።

ወንበር አቀረብኩ። አልተቀመጡም። አፈ ጉባኤያቸው አቶ አኑሎ ከዘራቸውን ተደግፈው ተናገሩ።

«ልጄ፣ አስታርቀናል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ጉዳዩን ዝጊልን። እሺ ሳትይን አንቀመጥም።»

የእኔን ቢሮ የሙሽራ አባት ቤት አድርገውት አረፉ! ሽማግሌ ለልመና ሲመጣ ልመናው እስኪሰማለት መቆሙን እኔም አውቃለሁ። ሽማግሌ ቆሞ እኔ መቀመጥ ደግሞ አይሆንልኝም፤ ዱራሜ ነው ያደግኩት፣ እናቴ ብትሰማ ጉዴ ይፈላ ነበር። እናም ሁላችንም ቆምን። ቅሬታ አቅራቢ ቅሬታዋን ብትተውም የሙያ ጥፋቱ መመርመሩ እንደማይቀር አስረዳሁ። በትሕትና ሰሙኝ፣ አልተቀመጡም። አቶ ዘለቀ በበሩ ሲያልፉ አንገታቸውን አስገብተው «ዛሬ ወንበር ተወረሰ እንዴ?» አሉና ጥለውኝ ሄዱ።

አቶ አኑሎ ከዘራቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው ሲያዛውሩ አየሁ፣ አንጀቴን በሉት። እሺ ብል ነገ ያለቦታው የሚወጋ ሌላ ልጅ አለ። እምቢ ብል ታደለች እርቅ ያፈረሰች ተብላ ከጎረቤቶቿ ጋር መኖሯ ነው። እሷ ደግሞ እስካሁን ቃል አልተነፈሰችም። ይቅርታ ጠይቄ ወደ ኮሪደሩ ይዣት ወጣሁ። ጀርባዋ ላይ ጨቅላ ወንድ ልጅ አዝላለች።

«ከልቤ ነው ይቅር ያልኩት» አለችኝ። «ማርታንም ይሄንንም ያዋለደችኝ እሷ ናት። ግን ይሄኛው ቢታመም የት ልወስደው? እሷን ይቅር ብያለሁ፣ እጇን ግን እፈራለሁ።»

ተመለስን። የነገረችኝን ለሽማግሌዎቹ አልነገርኩም፤ የእሷ ጉዳይ ነው።

«አባቶቼ» አልኩ፣ «ሰዎቹን አስታርቃችኋል፣ እሱን አልነካም። የአስቴርን እጅ ግን ለእኔ ተዉልኝ። ነገ የሚመጣው ሕፃን ገና ይቅር አላለም።»

በቋንቋቸው በሀዲይሳ ተመካከሩ። የእኔ ከምባትሳ ለእነሱ ቋንቋ ዘመድ ስለሆነ አለፍ አለፍ እያልኩ ሰማሁ። አንደኛው ተቆጥቷል፤ የሰው ልመና የማይገባት ናት ይላል። አቶ አኑሎ ፈቃዷ ይሰረዝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ወሳኙ ኮሚቴው ቢሆንም እኔ የማቀርበው ስረዛ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ሆስፒታል ገብታ ሰው እያያት እንደገና ትማር፣ ብቁ ናት እስክትባል መርፌ አትያዝ ነው የምለው አልኩ።

አቶ አኑሎ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከዚያ ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እንባዬን ጠረግኩ።

ኮሚቴው ሐሳቤን ተቀበለ። አስቴር መጀመሪያ ሰላምታም ነፍጋኝ ነበር። ተማረች፣ ተፈተነች፣ ተመለሰች። የማርታ እግር በፊዚዮቴራፒ ተሻለው እንጂ አልዳነም፤ ዛሬም ትንሽ ይጎተታል።

ለቁጥጥር ሞርሲቶ ሄጄ ክሊኒኩ ውስጥ ሳለሁ ታደለች ያን ጨቅላ ታቅፋ ገባች። ትኩሳት ነበረው፣ መርፌ ታዞለታል። አስቴር ጭኑን በጣቷ ለክታ የት እንደምትወጋና ለምን እንደሆነ ለእናትየው ድምፅዋን አውጥታ ነገረቻት። ታደለች ፊቷን አላዞረችም። መርፌው ገብቶ እስኪወጣ አየች። ልጁ አለቀሰ፣ እግሩን አወራጨ፤ ሁለቱም እግሮቹ ደህና ነበሩ።

ስንወጣ ፍርሃቱ ለቋት እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አልለቀቀኝም» አለች። «ግን አመጣሁት አይደል?»

በሥራዬ የተማርኩት ይህን ነው። ይቅርታ የተጎዳው ሰው ድርሻ ነው፤ እሱ ከሰጠ ማንም አይከለክለውም። የሙያ ፈቃድ የሚጠበቀው ግን ገና ላልታመመው ሰው ነው። ያ ሰው ሽማግሌ አይልክም።