ከማማ ላይ ያሰማሁት አቤቱታ

ነገሩ ከደረሰብኝ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። እኔም ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ ከወረዳው ፍርድ ቤት አጥር ሥር ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያንን ጥቅምት ግን አልረሳሁትም፤ ምክንያቱም በጽሑፍ ሥራዬ አንድ ጊዜ ብቻ የተሳሳትኩት ያን ጊዜ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ስል ጉራ እንዳይመስላችሁ። የቄስ ተማሪ ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ስኳር ከተጠቀለለበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው ፊደል የለየሁት። ድምፁን አንድ የጭነት መኪና ረዳት ነገረኝ፤ የቀረውን ራሴ ተወጣሁት። እንዲያም ሆኖ ከጣርማ በር እስከ ጀውሃ እንደኔ የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ከማጀቴ ከተማ ድረስ በበቅሎ መጥተው የሚያጽፉኝ ነበሩ። ዳኛው ራሳቸው አንድ ቀን “ይህን የጻፈው ማነው?” ብለው ጠይቀዋል። ይህንን የነገረኝ በር ጠባቂው ነው፤ እሱ ደግሞ አይዋሽም።

ማመልከቻ የሚጻፈው “እኔ” እየተባለ ነው። በሬው የተሰረቀበት ይመጣል፤ “በሬዬን ተሰረቅሁ” ብዬ የምጽፈው እኔ ነኝ። ልጁ የሞተበት ይመጣል፤ “ልጄን ቀበርኩ” የምለው እኔ ነኝ። በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ እበደላለሁ ማለት ነው። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ያንኑ ቃል ለሁሉም ይገለብጡ ነበር። እኔ ግን ሰውየው ሲናገር ድምፁ የሚሰበርበትን ቦታ ጠብቄ፣ እዚያች ላይ ነበር ብዕሬን የማሳርፈው። ጽሑፌ የሚያምረው በዚህ ነበር። የጎዳኝም ይኸው ነው፤ ያን ጊዜ ግን አላወቅሁትም።

ያን ዓመት ከክረምቱ ጀምሮ እንቅልፍ ራቀኝ። እንጀራው አፌ ውስጥ ጭድ ጭድ ይላል። የልጆቼ ሳቅ ያናድደኛል። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወጡ ጨው በዝቶበታል ብዬ ሳህኑን ከግድግዳ ጋር አላተምኩት። ጨው አልበዛበትም ነበር።

ባለቤቴ አስካለ ስባሪውን እየለቀመች፣ “አንተ ሰው፣ ባለጉዳዩን ሁሉ አስከትለህ ነው እንዴ ቤት የምትገባው? ቤቱ ጠበበን እኮ። እስቲ ሁለት ቀን እረፍ” አለችኝ።

“ደከመኝ ማለት የሰነፍ ቃል ነው። ያገባሽው ሰነፍ ነው?”

“ያገባሁትስ ሰነፍ አልነበረም። ሳህንም አይሰብርም ነበር።”

በማግስቱ እትዬ ሐዋ መጡ። ከጀውሃ መለስ ብሎ ባለው ቆላ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። አንዲት ልጃቸው ማጀቴ ተድራ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የባላቸው ወንድም የማሳቸውን ድንበር እየገፋ ግማሹን ወስዶባቸዋል። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ግን የብዕር ሰው ነው ብለው አንቱ ይሉኝ ነበር። ያን ቀን ስድስተኛዋ ባለጉዳዬ ነበሩ። ጻፍኩላቸው፣ በጣት አስፈረምኳቸው፣ አስገቡ።

ከቀትር በኋላ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ደጁ ላይ ቆሞ ይጣራ ጀመር። ከዚያም ወረቀቷን ቀና አድርጎ እየሳቀ አነበባት።

“አመልካች አቶ ወንድይፍራው! ‘ባሌ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሴት፣ ያውም ብቸኛ በመሆኔ፣ የባሌ ወንድም ድንበሬን ገፍቶ…’”

ወንድይፍራው እኔ ነኝ። በእትዬ ሐዋ ስም ቦታ የራሴን ስም ጽፌበታለሁ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። “ወንድይፍራው፣ እግዜር ያጥናህ! ምን ዓይነት ባል ነበሩ?” አለ አንዱ። “መርዶውን ሳትነግረን!” አለ ሌላው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያልሳቁት እትዬ ሐዋ ብቻ ነበሩ። ማመልከቻው ተመለሰ። ተስተካክሎ እንዲመጣ፣ እሳቸውም ከባላቸው ወንድም ጋር ቀርበው እንዲሰሙ ለሳምንት ተቀጠረ። በዚያ ቀጠሮ ካልቀረቡ ደግሞ ነገሩ ይዘጋል ተባለ።

ከአጥሩ ሥር መጥተው ፊቴ ቆሙ።

“ወላሂ ለሰው ያስቃል። እኔ ግን ማሽላዬ እሸት ይዟል፤ ግሪሳው ወርዷል። ዛሬ የመጣሁት ጎረቤት ለምኜ ነው። ሁለተኛ እሺ የሚለኝ የለም፤ ሁሉም የራሱ ወፍ አለው። እዚህ ከመጣሁ ማሽላዬን ወፍ ይበላዋል፤ ከቀረሁ መሬቴን ሰው ይበላዋል።” ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። “አንተ ነህ ያጠፋኸው። አንተ ትጠብቅልኛለህ።”

አንቱ መባሌ እዚያ ላይ አበቃ።

ማመልከቻውን እንደገና ልጽፍ ተቀመጥኩ። ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። አራተኛው ላይ ስጨርስ እትዬ ሐዋ ማንበብ ባይችሉም፣ “ስሜ የቱ ጋ ነው?” አሉ። አሳየኋቸው። ጣታቸውን አሳርፈውበት፣ “ይህች ናት? ታዲያ አጭር ናት እኮ፤ ምን አስቸገረችህ?” አሉኝ።

በቀጠሮው ቀን እሳቸው ጎህ ሲቀድ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። እኔ ኮቴን አውልቄ ማማው ላይ ወጣሁ። ማማ ማለት በአራት ረጃጅም እንጨት ላይ የተረበረበ የወፍ ጠባቂ መቀመጫ ነው። ወንጭፍ፣ የጭቃ ድብልብልና አንድ ያረጀ ቆርቆሮ ተቀምጦልኛል። ከማሳው ማዶ ባለው ማማ ላይ አባ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ የራሳቸውን ማሽላ ይጠብቃሉ።

ግሪሳው እንደ ጉም መጥቶ አረፈ። እኔ ክብሬን ጠብቄ አጨበጨብኩ። አንዲትም አልተነሳችም።

“ጸሐፊው!” አሉ አባ ይመር ከማዶ። “ቅኔ ማኅሌት የገባህ መሰለህ እንዴ? ጩህ እንጂ!”

“ምን ብዬ?”

“እኔ ምን አውቄ! የፈለግኸውን። እዚህ የሚጮኸው ሁሉ ለወፍ ነው፤ የሚቀየምህ የለም። እኔ የሞተች አማቴን ስሰድብ ነው የምውል። አላህ ይማራት፣ ወፉ ግን ይነሳል!”

አፌን ስከፍት የመጣልኝ ሌላ ቃል አልነበረም።

“ለክቡር የወረዳው ፍርድ ቤት!” ብዬ ጮህኩ።

ግሪሳው ብድግ አለ።

“ማሻአላህ! ቀጥል!” አሉ አባ ይመር።

ቀጠልኩ። በዚያ ዓመት የጻፍኩትን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የማስታወስ ችሎታዬ እስካሁን የሚደነቅ ነው። የተሰረቀውን በሬ ጮህኩ። የተቃጠለውን ክምር፣ የተካደውን ወንድም፣ የተጠለፈችውን ልጅ ጮህኩ። አባ ይመር በመሃል በመሃል እንደ ዳኛ፣ “ምስክር አለህ ወይ?” ይሉኛል። “አለኝ!” እላለሁ። “በል አቅርብ!” ይላሉ፤ እኔም በቆርቆሮው ላይ ዱላዬን አሳርፋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ቀትር ሆነ። ቆላው እንደ ምድጃ ነደደ፤ ድምፄ ሻከረ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የምጮኸው አለቀብኝ። የሰው በደል ሁሉ ተነግሮ አለቀ። ግሪሳው ደግሞ መጣ። ወንጭፉን አንስቼ ቆምኩ። ውስጤን ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ የቀረችኝ አንዲት ቃል ነበረች። እሷን ደግሞ ለሚስቴም ተናግሬ አላውቅም።

“ደከመኝ!” አልኩ።

ቃሏ ከማሳው በላይ ስትሄድ ሰማኋት። ግሪሳው ተነሳ። አፈርኩ። አሁን አባ ይመር ይስቁብኛል፣ ነገ በጀውሃ ገበያ ያወሩብኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው መጣ፤ የዳኛ ድምፅ አልነበረም።

“እኛም ደክሞናል! ወፉን ጠብቅ!”

ሳቅ ያዘኝ። ስስቅ እንባዬ መጣ፤ እንባዬን ሳልጠርግ ወነጨፍኩ። እስከ ማምሻው ድረስ ሌላ ቃል አላወጣሁም፤ ደከመኝ፣ ደከመኝ እያልኩ ብቻ ማሽላውን ጠበቅሁ።

እትዬ ሐዋ ሲመለሱ መጀመሪያ ያዩት ማሳውን ነው፣ ቀጥሎ እኔን። በምሥራቁ ዳር ጥቂት የማሽላ ራስ ተበልቶ ነበር። “ቃሌን ሰምተውኛል። ሽማግሌ ሄዶ ድንበሩን እንዲያይ ታዘዘ” አሉ። የተበላውን እያገላበጡ፣ “ከጽሑፍህ ጥበቃህ ይሻላል” ብለው ጨመሩበት። በበጋው ድንበራቸው ተመለሰ። እኔን ግን አንቱ ወደማለት አልተመለሱም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ያን ማታ አስካለ፣ “ምነው ድምፅህ?” አለችኝ። “ደክሞኛል” አልኳት። ትራሱን አስተካከለችልኝ። እስኪረፍድ ድረስ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ጻፍኩ። ግን በቀን ከአራት ሰው በላይ አልቀበልም ነበር። ጥቅምት ሲመጣ ደግሞ የጽሕፈት ሳጥኔን ቆልፌ ለሦስት ቀን በእትዬ ሐዋ ማማ ላይ እወጣለሁ። ባለጉዳዮች ሲጠይቁ አስካለ፣ “አቤቱታ ሊያሰማ ሄዷል” ትላቸው ነበር። በወንጭፍም ቢሆን በአካባቢው ተወዳዳሪ አልነበረኝም፤ አባ ይመር በሕይወት ቢኖሩ ይመሰክሩ ነበር።

ይህን ያስጻፈኝ ልጄ ነው። ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ “አባባ፣ እንዴት ነህ?” አለኝ። “ደክሞኛል” አልኩት፤ ዛሬ ሳላፍር ነው የምለው።

“እኔም ደክሞኛል፣ አባባ” አለ።

ሃምሳን ያለፈ ሰው ነው፤ ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ምን ልበለው? የማውቀው መልስ አንድ ብቻ ነው።

“በል እንግዲያው ወፉን እንጠብቅ” አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም። እንዲገባው ይኸው ጻፍኩለት፤ ስሜንም በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ያሰፈርኩት።